የጉድጓድ ማሽላ፣ «የወፍ በሽታ» እና የጉበት ካንሰር፦ ከሰሜን ሸዋ ቆላ የአንድ ቤተሰብ የጉዳይ ጥናት

ታማሚው

ታማሚው የ44 ዓመት አርሶ አደር ሲሆኑ፣ የሚኖሩት ከሸዋሮቢት ከተማ ብዙ በማይርቅ የቆላ ቀበሌ ነበር። በመጋቢት ወር በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንታቸው ሥር ይከብዳቸው ጀመር። ምግብ አስጠላቸው፤ በሁለት ወር ውስጥ ሱሪያቸው በመቀነት ካልሆነ አልቆም አለ። ዓይናቸው ቢጫ ሲሆን ቤተሰቡ «ወፍ ነው» ብሎ የባህል መድኃኒት አጠጣቸው። ጤና ጣቢያ የደረሱት ሆዳቸው ውኃ ከቋጠረ በኋላ፣ በግንቦት ነው።

ጤና ጣቢያው መጀመሪያ ያሰበው የአንጀት ቢልሃርዚያን ነው። ጥርጣሬው አግባብ ነበረው፤ በሸዋሮቢት ዙሪያ የመስኖ ውኃ ውስጥ የሚውል ገበሬ ቢልሃርዚያ ቢገኝበት አይገርምም፤ በሽታው ሲቆይ ጉበትን ያጠነክራል፣ ጣፊያን ያሳብጣል፣ ሆድንም ውኃ ያስቋጥራል። ሆኖም በእጅ ሲዳሰስ ጉበቱ ጠጣርና ጎርበጥባጣ ነበር፤ የክብደቱ መቀነስም ፈጣን ነበር። ወደ ደብረ ብርሃን ተላኩ። አልትራሳውንዱ በጉበቱ ቀኝ ክፍል ትልቅ እብጠት አሳየ፣ በጉበት ካንሰር ጊዜ በደም ውስጥ ከፍ የሚለው አልፋ ፌቶ ፕሮቲን ከ400 ናኖግራም በሚሊ ሊትር በላይ ሆነ፣ ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ምርመራውም ፖዘቲቭ ወጣ። የጉበት ካንሰር ነው ተባለ። ለቀዶ ሕክምና የሚሆን ጊዜ አልፎ ነበር። ሕመም ማስታገሻ እየወሰዱ፣ የሆዳቸው ውኃ እየተቀዳ ቆዩና በነሐሴ አረፉ።

ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ካንሰሩ ከታወቀ በኋላ በመጣው ጥያቄ ላይ ነው። ባለቤታቸው፣ አምስት ልጆቻቸውና ታናሽ ወንድማቸው ያንኑ እህል እየበሉ፣ በዚያው ግቢ እየኖሩ ነው። በዚህ ቤት ጉበትን የሚጎዳው ምንድን ነው? ከየት መጣ? የትኛውን ማስቆም ይቻላል?

ቤተሰቡ የጠረጠረው

ቤተሰቡ የጠረጠረው የነቀዝ መድኃኒቱን ነው። በየዓመቱ ለገበያ በሚቆየው እህል ላይ ማላታዮን ዱቄት ይነሰነሳል፤ አንዳንዴም ከሱቅ በፍሬ የሚገዛ የጭስ ክኒን በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ይከተታል። ጥርጣሬያቸው መሠረተ ቢስ አይደለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2015 ማላታዮንን «ካንሰር አምጪ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ» ከሚለው ምድብ አስገብቶታል። የጭስ ክኒኑ ደግሞ ሰው በሚተኛበት ክፍል ከተከፈተ በአንድ ሌሊት ይገድላል። ስለዚህ ክኒኑ ከቤት እንዲወጣ ወዲያው ተነገራቸው።

ነገር ግን ለጉበት ካንሰር ከማላታዮን ይልቅ እጅግ የጠነከረ ማስረጃ ያላቸው ሦስት ነገሮች በቤቱ ነበሩ፦ ሄፓታይተስ ቢ፣ አፍላቶክሲን እና አረቄ። ሦስቱም በኤጀንሲው የመጀመሪያ ምድብ፣ ማለትም በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው በተረጋገጠው ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ቤተሰቡ ከሦስቱ ጎጂ ብሎ የሚያውቀው አረቄን ብቻ ነበር።

አፍላቶክሲን አስፐርጊለስ ፍላቨስ እና አስፐርጊለስ ፓራሲቲከስ የሚባሉ ሻጋታዎች የሚሠሩት መርዝ ነው። ሻጋታዎቹ ሙቀት ይወዳሉ፤ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይመቻቸዋል። የእህሉ እርጥበት ከ14 በመቶ ሲያልፍ ይነቃሉ። በደጋው ሸዋ ብርዱ ያግዛል፤ በቆላው ግን ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ አለ፣ የሚጎድለው እርጥበት ብቻ ነው። እርጥበቱን የሚያመጣው ጉድጓዱ ነው።

ጉድጓዱ

የማሽላ ጉድጓድ የሞኝ ሥራ አይደለም። እሳት አይደርስበትም፣ ሌባ አያየውም፣ ገንዘብ አይጠይቅም። በደንብ ሲዘጋ ውስጡ ያለው አየር ስለሚያልቅ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል። የዚህ ቤት ጉድጓድ አፉ ጠባብ ሆዱ ሰፊ፣ ጥልቀቱ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ግድግዳው በእበት የተለቀለቀና በገለባ የተነጠፈ ነው። ታኅሣሥ ላይ 12 ኩንታል ማሽላ ገብቶበት፣ አፉ በድንጋይና በጭቃ ተደፍኖ ነበር። ቤቱ በየዓመቱ ከሰኔ እስከ አዲሱ እህል የሚበላው ከዚያ ነው።

በሰኔ ሲከፈት የልማት ጣቢያ ሠራተኛውና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ነበሩ። ድፍኑ ተነስቶ እስከ ማግስቱ ክፍቱን ተተወ። ይህ ለእህሉ ሳይሆን ለሰው ነው፤ በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚከማች ቸኩሎ የገባ ሰው ሳይጮህ ይወድቃል፣ ሊያወጣው የገባውም ይከተለዋል።

ማሽላው እንደ ቦታው ይለያያል። መሀሉ ደረቅና ንጹሕ ነበር፤ ሽታውም ያው የለመዱት የጉድጓድ ሽታ ነው። ከአፉ ሥር ያለው ግን ተጣብቆ እንደ ጓል ሆኗል፤ ሲሰበር አረንጓዴ ግራጫ ብናኝ ይተናል። በግድግዳው ዙሪያ ስንዝር በሚሆን ውፍረት ፍሬው ጠቁሯል፣ በጣት ሲፈተግም ይደቅቃል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እበት የተለቀለቀበት ግድግዳ የአፈሩን እርጥበት አያግድም። ሁለተኛ፣ በመሀልና በዳር ያለው ሙቀት ስለሚለያይ ከእህሉ የሚወጣው እንፋሎት ወደ ላይ ወጥቶ ከድፍኑ ሥር ላብ ይሆናል። በዚያ ላይ በኅዳር መጨረሻ የጣለው ዝናብ የታጨደውን ዘለላ በክምር እንዳለ አግኝቶት ነበር። ገና ሲገባም በቂ አልደረቀም።

ናሙናው

የመጀመሪያው ናሙና አሳሳች ነበር። ትልቁ ልጅ ከጉድጓድ ወጥቶ በየቀኑ ከሚፈጨው ከረጢት አንድ ኩባያ ማሽላ አመጣ፤ የማለፊያ መስመሩን በኪሎ 20 ማይክሮግራም አፍላቶክሲን ላይ ባደረገው የወረቀት ምርመራ ንጹሕ ወጣ። እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ጉዳዩ በ«እህሉ ሰላም ነው» ይዘጋ ነበር።

አፍላቶክሲን በእህል ውስጥ እኩል አይሰራጭም። አንዷ ፍሬ ብዙ ተሸክማ ጎረቤቷ ምንም ላይኖርባት ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛው ናሙና ከአፉ ሥር፣ ከግድግዳው፣ ከመሀሉና ከወለሉ በየአቅጣጫው በጭልፋ እየተቀዳ ተሰበሰበ። የዳሩና የመሀሉ ለየብቻ አምስት አምስት ኪሎ ሞሉ፤ እያንዳንዳቸው ሙሉ በሙሉ ተፈጭተው፣ በደንብ ተደባልቀው፣ ከዚያ ነው ለምርመራ ጥቂት የተወሰደው። ሳይፈጩ ከላይ አንድ እፍኝ መዝገን እንደ መጀመሪያው ኩባያ ይሆናል። የመሀሉ ከመስመሩ በታች ሆነ፤ የዳሩ አለፈ።

20 ማይክሮግራም አሜሪካ ለሰው ምግብ የምትፈቅደው ጣሪያ ነው። አውሮፓ ለእህል የሚፈቅደው ጠቅላላ አፍላቶክሲን 4 ብቻ ነው። «ከመስመሩ በታች» ማለት እንግዲህ «የለበትም» ማለት አይደለም።

አንድ እንጀራ፣ ሁለት ሰው

ሄፓታይተስ ቢን ከአፍላቶክሲን ለይቶ ማየት የማይቻለው ለምን እንደሆነ በስሌት ማሳየት ይሻላል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን 400 ግራም ማሽላ ይበላል እንበል፤ ማሽላው በኪሎ 20 ማይክሮግራም አፍላቶክሲን ቢ1 (ከአፍላቶክሲን ዓይነቶች ኃይለኛው) አለበት። በቀን 8 ማይክሮግራም፣ በኪሎ ክብደቱ 133 ናኖግራም ገደማ ይገባዋል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) የጋራ የባለሙያዎች ኮሚቴ በ1990ዎቹ መጨረሻ ባወጣው ግምት፣ በየቀኑ በኪሎ ክብደት ለሚገባው ለእያንዳንዱ ናኖግራም፣ ቫይረሱ የሌለበት 100,000 ሰው ውስጥ በዓመት 0.01፣ ቫይረሱ ያለበት 100,000 ሰው ውስጥ ደግሞ 0.3 የጉበት ካንሰር ይጨመራል። በእኛ ስሌት የመጀመሪያው 1.3፣ ሁለተኛው 40 ይሆናል። እንጀራው አንድ ነው፤ አደጋው ግን 30 እጥፍ ይለያያል። በሻንጋይ 18,244 ወንዶችን የተከታተለው ጥናትም ወደዚያው ያመለክታል፦ አፍላቶክሲን ብቻ የተገኘባቸው አደጋቸው 3.4 እጥፍ፣ ቫይረሱ ብቻ ያለባቸው 7.3 እጥፍ፣ ሁለቱም ያለባቸው 59.4 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል።

ይህ ሁሉ የብዙ ሰው ስሌት ነው። የአባወራውን ካንሰር ያመጣው ይህ ጉድጓድ ነው ብሎ መፍረድ አይቻልም። ካንሰሩ የብዙ ዓመት ሥራ ነው፤ በሰኔ የተከፈተው እህል በመጋቢት ለጀመረ ሕመም አይጠየቅም። ለቤተሰቡም የተነገረው እንዲሁ ነው፤ ባለቤታቸው «እኔ ነኝ በእጄ ያበላሁት» ማለት ጀምረው ነበርና።

ቤተሰቡ በሙሉ ለሄፓታይተስ ቢ ተመረመረ። ባለቤታቸው ነፃ ናቸው። የ23 ዓመቱ ልጅና የሟች ወንድም ፖዘቲቭ ሆኑ። የ19 ዓመቷ ነፃ ናት፤ ግን አልተከተበችም። ሦስቱ ታናናሾች ነፃም የተከተቡም ናቸው። ልዩነቱ የዕድል አይደለም፤ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በአምስቱ ጥምር ክትባት ውስጥ ሆኖ በኢትዮጵያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፣ ታናናሾቹ ከዚያ ወዲህ ተወለዱ። እናቱ ነፃ ስለሆኑ ልጁ ቫይረሱን ያገኘው በልጅነቱ ከቤት ውስጥ ሳይሆን አይቀርም። በአንድ ምላጭ መላጨት፣ እንጥል መቆረጥ፣ ዋግምት፣ ሁሉም በዚህ ቤት ነበሩ። ዕድሜው ወሳኝ ነው፤ በወሊድ ጊዜ ከተያዙ ሕፃናት 90 በመቶ ያህሉ ቫይረሱን ይዘው ይቀራሉ፣ ካደጉ በኋላ ከሚያዙት ግን ከ5 በመቶ ያነሱ ናቸው።

የተበላሸው እህል የሄደበት

ጉዳዩ ከታሰበው በላይ የሰፋው እዚህ ላይ ነው። ባለሙያዋ «ዳር ዳሩን የጠቆረውን ምን ታደርጉታላችሁ፣ እትዬ?» ብላ ስትጠይቅ የተመለሰላት፦ «ልጄ፣ ለእንጀራ ያልሆነ ለጠላ ይሆናል፤ ለጠላ ያልሆነ ለላም። የሚጣል እህል የት አለ?» የሚል ነው።

እንዲህ ከሆነ መርዙ ከቤት አልወጣም። አፍላቶክሲን በማብሰል አይጠፋም፤ ምጣድም ሆነ የአሻሮ ቁሌት ጥቂት ቢቀንሰው እንጂ አያስወግደውም፣ ቡኾው መቦካቱንም መተማመኛ ማድረግ አይገባም። ጠላው ውስጥ ከፊሉ ይቀራል፣ ሌላው ከአተላው ጋር ለላሟ ይሰጣል። ላሟ በበላች በአንድ ቀን ውስጥ ከበላችው ቢ1 ከ1 እስከ 6 በመቶ የሚሆነው ኤም1 ወደሚባል ተቀይሮ በወተቷ ይመጣል። ወተቱን የሚጠጣው የሰባት ዓመቱ ልጅ ነው። ኤም1 ከቢ1 አሥር እጅ ያህል ደካማ ነው፤ ማፍላትም እርጎ ማድረግም አያጠፋውም።

አረቄው ለብቻው ይታይ። መርዙ ስለማይተን ወደ አረቄው እምብዛም አይሻገርም፤ ከድፍድፉ ዝቃጭ ጋር ይቀራል። «እንግዲያው የሻገተውን ለአረቄ እናድርገው» የሚል ሐሳብ ከወንድምየው መጥቶ ነበር። ዝቃጩ ለከብት ከተሰጠ ግን ዞሮ ወተት ውስጥ ነው፤ አረቄው ራሱም ቫይረስ ያለበትን ጉበት ያቃጥላል። ይህን የተናገረው ወንድም ፖዘቲቭ መሆኑን ልብ ይሏል።

የተደረገው

የመሀሉ እህል ተለይቶ ወጣ። ዳሩ፣ አንድ ኩንታል ተኩል ያህል፣ ከውኃ መውረጃ ርቆ በተቆፈረ ጉድጓድ ተቀበረ። ለቅሞ የሚለየው ሰው አፍና አፍንጫውን በነጠላ ሸፈነ፣ ሥራው በነፋሻ ቦታ ሆነ። ለምግብ የተተወውም ሳይፈጭ በፊት በውኃ ተዘፍዝፎ የተንሳፈፈው ተወገደ፤ ቀሪው በሙቀጫ ተሸክሽኮ ገለፈቱ ተበጠረ። ሻጋታው በብዛት የሚቀመጠው ላይኛው ሽፋን ላይ ስለሆነ ይህ ይቀንሰዋል። ላሟ ከአተላው ታገደች፤ መኖው ከተቀየረ በጥቂት ቀን ውስጥ ወተቱ ይጠራል።

በሚቀጥለው መኸር ሥራው ከአውድማ ጀመረ። ዘለላው ሳይከመር ተሰጣ፣ ከተወቃ በኋላም በባዶ መሬት ሳይሆን በሸራ ላይ ደረቀ፤ ማታ ማታ ተሸፈነ። ለመለካት ማሽን ስላልነበረ የጨው ጠርሙስ ሥራ ላይ ዋለ። ደረቅ ጠርሙስ አንድ ሦስተኛው በማሽላ ይሞላል፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የደረቀ ደቃቅ ጨው ይጨመራል፣ አንድ ደቂቃ ተነቅንቆ ለጥቂት ጊዜ ይተዋል። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። ካልተጣበቀ ከ15 በታች ነው፤ ለክምችት የሚፈለገው ግን 13 ወይም ከዚያ በታች ነው። ብዙ ቦታ የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ጨው አልያዘም ብለው ወዲያው ያስገባሉ። በዚህ ቤት ጨው መያዝ ካቆመ በኋላ ሁለት ሙሉ የፀሐይ ቀን ተጨመረ።

ከዚያ 16 ኩንታሉ ተከፈለ። አራቱ ወዲያው ተሸጠ። እስከ መጋቢት የሚበላው ሦስት ኩንታል በተራ ከረጢት ሆኖ ከግድግዳ ተለይቶ በእንጨት ርብራብ ላይ ተቀመጠ። ከሚያዝያ በኋላ የሚበላው ስድስት ኩንታል ፒክስ በሚባለው ሦስት ድርብ ከረጢት ገባ። ከረጢት ለሁሉም መግዛት አቅም አልፈቀደም፤ ረጅም ለሚቆየው ብቻ መግዛት ወጪውን በግማሽ አሳነሰው። ሁለቱ የውስጥ ፕላስቲኮች አየራቸው ተጨምቆ እየተጠመዘዙ፣ እየታጠፉ፣ ለየብቻ ታሰሩ። ሦስት ኩንታሉ ግድግዳው ፕላስቲክ በተነጠፈለት በዚያው ጉድጓድ ተመለሰ፤ አዛውንቶቹ ጉድጓዱ ባዶውን እንዲያድር አልፈለጉም።

በሕክምናው በኩል ባለቤታቸውና የ19 ዓመቷ ልጅ ክትባቱን በመጀመሪያው ቀን፣ በወሩና በስድስተኛው ወር ወሰዱ። ሁለቱ ፖዘቲቮች የጉበት ምርመራና የቫይረስ መጠን ልኬት ተደረገላቸው፤ ወንድምየው ቫይረሱን የሚገታውን ቴኖፎቪር የተባለ መድኃኒት ጀመረ። ልጁ በየስድስት ወሩ በአልትራሳውንድና በአልፋ ፌቶ ፕሮቲን ይታያል።

የሠራውና ያልሠራው

በሰኔ ከከረጢቶቹ በተመሳሳይ መንገድ የተወሰደው ናሙና ከመስመሩ በታች ሆነ፤ ነቀዝም አልተገኘም፣ ማላታዮንም አላስፈለገም። ከስድስቱ አንዱን ግን አይጥ ከሥሩ በስቶታል፤ እዚያ ነቀዝ ገብቶ ነበር። ከረጢቱ አየር እንጂ አይጥ አያግድም፤ ርብራቡ ከመሬት ከፍ ብሎ ከግድግዳ አንድ ክንድ መራቅ አለበት። ሌላው ችግር በየዕለቱ መክፈት ነው። በተከፈተ ቁጥር አየር ይገባል። የሁለት ሳምንት ቀለብ በአንዴ አውጥቶ በጎታ ማስቀመጥ ፈታው።

የፕላስቲኩ ጉድጓድ አጥጋቢ አልነበረም። ግድግዳው ደረቅ ሆነ፤ ከአፉ ሥር ግን ላቡ እንደ ቀድሞው ጓል ሠራ። ከድፍኑ ሥር ክፍት ቦታ ቀርቶ ነበር። እህሉ እስከ አንገቱ ሞልቶ ላዩ ላይ አንድ ክንድ ያህል ደረቅ ገለባ ቢነጠፍ ላቡን ገለባው ይጠጣው ነበር፤ ሦስት ኩንታል ግን ለዚያ ጉድጓድ አነሰ።

ያልተሳካው ጠላው ነው። ለተዝካሩ ጠላ ሲጠመቅ ካለፈው ዓመት የተረፈ የጠቆረ ማሽላ ከጎረቤት መጣ። የቤቱን እህል ማጥራት የጎረቤትን አያጠራም፤ ድግስ የሁሉም ነው። ወንድምየውም አረቄውን ቀነሰ እንጂ አልተወም።

ለሌላ ቤት የሚሆነው

የጉበት ካንሰር የተገኘበት ሰው ቤት መጀመሪያ መሄድ ያለበት የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ነው፤ እህሉ ይከተላል። ቫይረሱ የያዘውን ሰው ካወቁ የተጣራው እህል መጀመሪያ ለማን እንደሚሰጥ ያውቃሉ። በእጥረት ጊዜ የከረጢቱ ማሽላ ለ23 ዓመቱ ልጅ፣ ለወንድምየውና ለትንሹ ልጅ እንዲቀድም የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ሻጋታ ሲጠየቅ «ትበላላችሁ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ መልሱ ሁሌም «አንበላም» ነው። «የት ይሄዳል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የተበላሸውን የሚቀብር ሰው ኪሳራ አለበት፤ ያ ኪሳራ ካልታሰበለት ምሽት ላይ ለጠላ ያወጣዋል፣ ወይም ለከተማ የወተት ላም አርቢ በርካሽ ይሸጠዋል። ስለዚህ ኩንታል ተኩል ከመቅበር በፊት ኩንታል ተኩል እንዳይበላሽ ሸራና ጨው ላይ ማውጣት ይረክሳል። በቻይና ቺዶንግ አውራጃ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሕዝቡ ከበቆሎ ወደ ሩዝ ሲዞር በጉበት ካንሰር መሞት ከግማሽ በላይ ቀንሷል፤ ቆላው ሸዋ ማሽላውን አይለውጥም፣ አደራረቁን ግን መለወጥ ይችላል።

ፒክስ ከረጢት ለሁለተኛ ዓመት ከመዋሉ በፊት እያንዳንዱ የውስጥ ፕላስቲክ ለብቻው አየር ተሞልቶ፣ አፉ ተይዞ፣ በጉንጭ አጠገብ እየተጨመቀ ይፈተሻል። ትንፋሽ የሚወጣበት ቀዳዳ ትንሽ ከሆነ በፕላስተር ይደፈናል፤ ከአውራ ጣት ጥፍር ከበለጠ ፕላስቲኩ ለእህል ማስጫ ይሁን እንጂ ለክምችት አይመለስ።